የቆርቆሮዋ ጥቅሻ

ፕራሶጆን ያወቅኩት በአንድ የሞተ ሬዲዮ ተጣልተን ነው።

በሲዶአርጆ ከተማ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ፣ እሑድ እሑድ የቁራሌ ገበያ ይቆማል። ከተሰበሩ ማራገቢያዎችና ክዳን ከጠፋባቸው የሩዝ ማብሰያዎች ፊት ቁጢጥ ብዬ አንድ ቡናማ ሬዲዮ ላይ እጄን ሰደድኩ። ሌላ እጅም አብሮ ተዘረጋ። እኔ መያዣውን ያዝኩ፤ እሱ አንቴናውን።

«ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ» አለ ባለእጁ።

«ማየት ነፃ ነው። ቀድሜ የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ለእናቴ አስጠግኜ ልሰጣት ነው እኮ! ሐሙስ ማታ በሬዲዮ የሚተረከውን የአሻንጉሊቶቹን ጨዋታ ካልሰማች ዓርብ ቁርስ አትሰጠኝም። አንቺስ ለማን ነው?»

«ለማንም። ልገነጣጥለው ነው።»

አንቴናውን ለቀቀ። ሬዲዮውን ሊታረድ እንደተያዘ ዶሮ በሐዘን አየው።

«ምን በደለሽ?»

«ሆዱ ውስጥ ያሉትን ትራንዚስተሮች ነው የምፈልገው። የመብረቅ ጠቋሚ ልሠራ ነው።»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኖቹ ሙሉ በሙሉ ይጠፋሉ። ማየት ነፃ አለመሆኑን ያኔ ጠረጠርኩ።

«መብረቅ እኮ ራሱን ይጠቁማል! መጀመሪያ ያበራል፣ ከዚያ ይጮኻል። ከዚህ በላይ ምን ብሎ ይንገርሽ?»

«ሳይደርስ እንዲነግረኝ ነው የምፈልገው። እኛ ሰፈር ምዕራቡን በሙሉ የጋረደ መጋዘን ሠርተውብናል። ደመናውን የምናየው አናታችን ላይ ዱብ ሲል ነው።»

«የት ነው ሰፈራችሁ?»

«የክሩፑክ ሠሪዎቹ መንደር። ሃያ ሦስት ቤት ያለበት።»

የጠፉት ዓይኖች ተመለሱ። «ከነገ ጀምሮ እዚያ ሽሪምፕ የማደርሰው እኮ እኔ ነኝ!» ሬዲዮውን ወደ እኔ ገፋው። «ውሰጂው። ግን ሲሠራ ታሳዪኛለሽ።»

«እናትህስ፣ ማስ?» አልኩት፤ ስሙን የማናውቀውን ወጣት ወንድ በአክብሮት የምንጠራው እንዲህ ነው።

«ድምፄን እየቀያየርኩ ራሴ እጫወትላታለሁ።»

ስሙን የጠየቅኩት ሬዲዮውን ከደረቴ ጋር አጣብቄ ከያዝኩ በኋላ ነው። ፕራሶጆ አለኝ። ኒንግሩም አልኩት።

ክሩፑክን ሁሉም ይበላዋል፤ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቀው ግን ወገቡ የሚያመው ሰው ብቻ ነው። ሽሪምፕ ከካሳቫ ዱቄት ጋር ይለወሳል፣ በእንፋሎት ይበስላል፣ እንደ ሳንቲም ሳስቶ ይከተፋል፣ ከዚያ በቀርከሃ ሰፌድ ላይ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በደንብ የደረቀው የጋለ ዘይት ሲነካው እንደ አበባ ይፈካል። ግማሽ ደርቆ ዝናብ ያገኘው ሻግቶ ለዳክዬ ይሰጣል፤ ዳክዬዎቹም ፊታቸውን ያዞራሉ።

ስለዚህ በሰፈራችን መግቢያ፣ ከዘብ ጎጆው ጣሪያ ሥር፣ አንድ የተቦረቦረ ግንድ ተንጠልጥሏል። ዝናብ ያየ ሰው ይመታዋል። እንጨቱ ከተመታ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ይወጣል፤ የራሱን ሳይሆን አጠገቡ ያገኘውን ሰፌድ ያነሣል። የማን ነው አይባልም። አንድ ሕግ ግን አለ፤ በውሸት የመታ ሰው የሰፈሩን ስጥ በሙሉ ብቻውን መልሶ ያወጣል። ይህን ሕግ ያወጡት የአባቴ አያት ናቸው ይባላል። የአባቴ አያት ሰው አያምኑም ነበር።

የእንጨቱ ጠባቂነት ከእሳቸው ወደ አያቴ፣ ከአያቴ ወደ አባቴ ወረደ፤ ሰፈሩ አባቴን ፓክ ካርሚጃን ይላቸዋል፣ አቶ ካርሚጃን እንደ ማለት። አባቴ በዚያ ግንድ የሚኮሩትን ያህል በእኔ ኮርተው አያውቁም። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሮኒክስ ስመረቅ ዲፕሎማዬን ከቀን መቁጠሪያው ጎን ሰቀሉና የመክተፊያውን ቢላዋ ሰጡኝ።

ጠቋሚዋን የሠራኋት ወጥ ቤት ወለል ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሬዲዮ ድንገት ሲንጫጫ ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ያ ጫጫታ አንዳንዴ ከብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት የሚመጣ የመብረቅ ወሬ ነው። ወሬ ደግሞ መጋዘን አያግደውም። በአንድ የቀርከሃ ቁራጭ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሰማንያ ጊዜ ጠመጠምኩ። ከሟቹ ሬዲዮ ሦስት ትራንዚስተሮች ነቀልኩ። በጋለ ካውያ እርሳስ እያቀለጥኩ፣ ሁለት ጣቴንና አንድ ጊዜ ደግሞ የእናቴን ምንጣፍ እያቃጠልኩ፣ አገናኘኋቸው። ለአንቴና ከግቢው በር እስከ ልብስ ማስጫው እንጨት ሽቦ ዘረጋሁ። ሁሉንም ሰብስቤ በምንሸጥበት የክሩፑክ ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት፤ ፊቱ መስታወት ስለሆነ ቀይዋ መብራት ከውጭ ትታያለች።

እናቴ የጋዝ ምድጃውን ቀጭ አድርጋ ስትለኩስ ቀይዋ መብራት አንዴ ጠቀሰች።

«ዓይኗን ጠቀሰችኝ!» አለች እናቴ ወደ ኋላ እያፈገፈገች።

«የእሳት ብልጭታ ሁሉ ለሷ የመብረቅ ዘመድ ነው፣ እማዬ። ከዛሬ ጀምሮ ቀን ቀን በክብሪት ለኩሺ።»

ስጥ የሚወጣው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ቆርቆሮዋንም የማበራት ያኔ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደብተር ይዤ ፊቷ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ትጠቅሳለች፤ ዝም፤ አንድ፤ ዝም፤ ሁለት፤ ከዚያ እየተደጋገመ ይሄድና ከግማሽ ሰዓት ወይም ከአርባ ደቂቃ በኋላ ዝናቡ ዱብ ይላል። አምስት ጊዜ ጻፍኩ፣ አምስት ጊዜ ልክ ሆነች። አባቴ ደብተሬን በመነጽራቸው ሥር አገላበጡ።

«ከመታሽ እንግዲህ ሕጉ ሕግ ነው» አሉኝ።

በማግሥቱ፣ ፀሐይ ድንጋይ በምትሰነጥቅበት ሰዓት፣ እንጨቱን መታሁ። ሰፈሩ ወጣ፤ ሰማዩን አየ፤ እኔን አየ፤ እየተሳደበ አነሣ። የመጨረሻው ሰፌድ ከጣሪያ ሥር ከገባ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሰማዩ ተገለበጠ። ቆርቆሮዋ ውስጥ ጂን አለ ስትል የከረመችው ጎረቤታችን ቡ ማርፉአህ፣ እመት ማርፉአህ እንደ ማለት፣ የሙዝ ጥብስ ላከችልኝ። ሦስት ፍሬ። ከቡ ማርፉአህ ቤት ሦስት ፍሬ መውጣቱ ራሱ ተአምር ነው።

ፕራሶጆ ጠዋት ጠዋት፣ ስጥ ሳይወጣ፣ የሽሪምፕ ቅርጫቶቹን በአሮጌ ሞተር ሳይክሉ ሲያመጣ ይጠይቀኛል። «ሟቹ እንዴት ነው?»

«ተነሥቷል። ትንቢትም ይናገራል።»

«ስለ እኔስ ምን ይላል?»

«ስለ አንተ የሚናገረው ሽታህ ነው። ሽሪምፑን ቶሎ አውርድ።»

ዓይኖቹ ይጠፋሉ፤ ሞተሩ እየተንኮሻኮሸ ይሄዳል፤ እኔም ቢላዋዬን ከጣቴ አጠገብ መልሼ አገኘዋለሁ።

ከዚያ ሰኞ መጣ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ቆርቆሮዋ እንደ እብድ ጠቀሰች። እንዲህ አድርጋ ጠቅሳ አታውቅም፤ ፋታ የላትም። በጓሮ በር ወጥቼ ሮጥኩ፤ እንጨቱን መታሁ፤ ሃያ ሦስቱም ቤት ስጡን አነሣ። ቆምን። ጠበቅን። አንድ ነጭ ደመና እንደ ሽማግሌ እያዘገመ መጣ፣ አየን፣ አለፈን። ሦስት መቶ አርባ ሰፌድ ብቻዬን መለስኩ።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይም እንዲሁ። ሦስት መቶ አርባ።

«ጂኑ ይቀልድባታል» አለች ቡ ማርፉአህ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ እኔ ስሸከም እያየች።

አባቴ ከእንጨቱ ሥር ጠበቁኝ። ሲያባብሉኝ «ንዱክ» ይሉኛል፤ ሲፈርዱ ሙሉ ስሜን ይጠራሉ።

«ኒንግሩም። ይህ እንጨት በሦስት ትውልድ አራት ጊዜ ነው የዋሸው። አንቺ በአንድ ሳምንት ሁለት። ሦስተኛ ከጨመርሽ ቆርቆሮዋ ወደ ቁራሌው፣ አንቺ ወደ ሱራባያ፣ ወደ አክስትሽ ሱቅ።»

የአክስቴን ሱቅ አውቀዋለሁ። መስኮት የለውም። ጨርቅ ይታጠፋል፣ ደንበኛ ይዘረጋዋል፣ እንደገና ይታጠፋል።

ሰፌዶቹን መሸከም ቀጠልኩ። ፕራሶጆ ያኔ ነው ከግቢያችን በር ላይ የደረሰው። ሞተሩን ሳያጠፋ አቆመው፤ አንዴ ከጠፋ ተሯሩጦ ካልተገፋ በቀር አይነሣም። ያለ ቃል የሰፌዱን ሌላ ጫፍ ያዘ።

«ተው፣ ማስ። ሕጉ ብቻዋን ነው የሚለው።»

«ሕጉን ያወጡት ሰውዬ ሞተዋል። ቀና አድርጊው።»

በመስኮቱ በኩል ቆርቆሮዋን አየኋት። ትጠቅሳለች። ፋታ የላትም፤ ግን ደግሞ አንዱ ጥቅሻ ከሌላው እኩል ነው፤ ልክ እንደ ሰዓት፤ ልክ እንደ ሞተሩ መንኮሻኮሽ። ሰፌዱን ለቀቅኩት።

«ነዳጅ ስጠው» አልኩ።

«ምን?»

«ሞተሩን! እጀታውን ጠምዝዘው!»

ጠመዘዘው። ቆርቆሮዋ አበደች። «አጥፋው!» አጠፋው። ቆርቆሮዋ ዝም አለች። የሱ ሞተር ሲሠራ ካንዴላው ውስጥ ብልጭታ አለ፤ ሽቦው ያረጀ ነው፤ ያቆመው ደግሞ ከአንቴናዬ ሥር። የአዳዲሶቹ ሞተሮች ብልጭታ ታፍኖ ስለሚቀር ታይቶኝ አያውቅም።

ሁለታችንም መብራቷን ስናይ ቆየን። ከዚያ እኔ እሱን አየሁት።

«ሰኞ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበርክ?»

«በዚህ... እያለፍኩ።»

«ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይስ?»

«እያለፍኩ።»

«ከሰዓት በኋላ ሽሪምፕ የለም።»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ልታደርስ ነው የምትመጣው?»

ጆሮዎቹ እንደ ተቀቀለ ሽሪምፕ ቀሉ። ሰፌዱ ላይ ያሉትን ቁርጥራጮች እንደሚቆጥር ሰው አቀረቀረ።

«ዓይኔን ነዋ» አለ በመጨረሻ። «ሌላ ቀን እንዲሁ እያየሁ ነው የማልፈው። ሰኞና ዛሬ ግን በሩ ክፍት ነበር፤ ቆምኩ፤ አሁንም ተመልሼ ነው የመጣሁት። አንቺ እንደሆንሽ ቆርቆሮዋን እንጂ መንገዱን አታዪም።»

የሰፌዱን ጫፍ መልሼ ያዝኩ። ልቤ ያለ ትራንዚስተር ይመታል።

«ስለዚህ» አለ የአባቴ ድምፅ ከኋላችን፣ «ልጄን ሰባት መቶ ሰፌድ ያሸከማት ይኼ ነው።»

«ስድስት መቶ ሰማንያ» አልኩ።

«ዝም በይ። አንተ ልጅ፣ ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ሞተር ድምፅ በዚህ መንገድ እንዳይሰማ። ሽሪምፑን መግቢያው ላይ እየመጣን እንቀበልሃለን።»

«እሺ ፓክ» አለ ፕራሶጆ። «ድምፁ አይሰማም።»

በማግሥቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ዶሮዎች እንኳ ጥላ ፍለጋ በተሸሸጉበት ፀሐይ፣ ፕራሶጆ ሞተሩን አጥፍቶ በእጁ እየገፋ ገባ። ያን ብረት ከሰፈሩ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ገፋው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። በቤታችን ፊት ሲደርስ አንገቱን ትንሽ ዞር አደረገ፤ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ለአንዴም ያህል መንገዱን ነበር የማየው። ቆርቆሮዋ ጭጭ።

«ሞተርህ ሞተ እንዴ?» አለች ቡ ማርፉአህ።

«አይ ቡ፣ ተኝቷል። እንዳይነቃ ነው ቀስ የምለው።»

አባቴ ከዘብ ጎጆው ወጡ። «ምን ብዬህ ነበር?»

«ድምፁ እንዳይሰማ ብለዋል፣ ፓክ። ተሰማዎት?»

አባቴ ሞተሩን ዞረው አዩና ወደ ጎጆው ተመለሱ። ሕግ የሚያከብር ቤተሰብ በሕግ ሲያዝ እንዲህ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ መግቢያው ላይ ሽሪምፕ ስቀበለው፣ በሹክሹክታ ጠየቅኩት። «ለምን ሞተሩን ውጭ ትተህ በእግርህ አትመጣም?»

«ባዶ እጄን በእግሬ ከመጣሁ ለአንቺ ነው የመጣው ይላሉ። ሞተር እየገፋሁ ካለፍኩ ግን መንገደኛ ነኝ።»

መንገዱ እኮ ጫፉ ላይ ከሩዝ ማሳ በቀር የሚያደርስበት የለም። ሰፈሩም ለመንገደኛው ሰዓት ያዘለት፤ ስምንት ሰዓት ሲሆን ወንበር እያወጣ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ለዚህ በሽታ መድኃኒት አለ። የካንዴላ ቆብ ይባላል፤ ብልጭታውን የሚያፍን ዕቃ ውስጡ አለ፤ ዋጋው አሥራ አምስት ሺህ ሩፒያ፣ የአንድ ሰሐን ሾርባ ያህል ነው። በሁለተኛው ቀን ገዛሁት። ልሰጠው በቀሚሴ ኪስ ይዤው ቆምኩ። ከዚያ እየገፋ መጣ። በቤታችን ፊት ሲደርስ አዘገመ፤ በግንባሩ ላይ ያለው ላብ እስከ አገጩ ወረደ፤ ሳቀ፤ ዓይኖቹ ጠፉ።

ነገ እሰጠዋለሁ አልኩ።

ነገም ነገ አልኩ። የረመዳን ጾም ገባ። በጾም አፉ፣ ጠብታ ውኃ ሳይቀምስ፣ ገፋው። እኔ ክፉ ሴት አይደለሁም፤ ግን በሕይወቴ ማንም ለእኔ ብሎ ምንም ገፍቶ አያውቅም፤ ትንሽ ልየው ብዬ ነው። ትንሹ ሦስት ሳምንት ሆነ። በሦስቱም ሳምንት ጠብታ ዝናብ አልወረደም፤ ቆርቆሮዋም አንድም ቃል አልተነፈሰች።

ለዒድ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀር የዓመቱ ትልቁ ስጥ ወጣ። ለበዓሉ ያልታዘዘ ክሩፑክ የለም፤ አምስት መቶ ሰፌድ። ከመንገዱ ተርፎ አጥሩ ላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ የቡ ማርፉአህ የዶሮ ቤት አናት ላይ ሁሉ ተሰጣ። ያ ከተበላሸ ለልጆች የበዓል ልብስ የለም፤ ለብዙዎቻችን የመጪው ወር ዱቄትም የለም።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ቆርቆሮዋ ጠቀሰች።

አንድ። ዝም። ሁለት ተከታትሎ። ረጅም ዝም። አንድ። ይህን አጻጻፍ ከደብተሬ አውቀዋለሁ፤ እኩል አይደለም። የሰማይ እጅ ጽሑፍ ነው። ወደ እንጨቱ በረርኩ።

መምቻውን ሳነሣ የአባቴ እጅ ያዘው።

«ሰማዩን እዪው።»

ሰማዩ የታጠበ ሰሐን ይመስላል። ወንበር ይዞ የተቀመጠው ሰፈር ሁሉ ያየናል።

«አባዬ፣ ይስሙኝ። ይኼ ሌላ ነው። የሞተሩ እኩል እኩል ነበር፤ ይኼ እንደ ሰካራም እርምጃ ነው።»

«የሽሪምፑ ልጅ ነው እንጂ!» ቡ ማርፉአህ ከወንበሯ ጮኸች። «ሰዓቱ ነው እኮ! መግቢያው ጋ ደርሶ ይሆናላ!»

ሳቁ። አባቴ አልሳቁም። «ኒንግሩም፣ ሦስተኛው ነው። ዛሬ አምስት መቶ ሰፌድ አንሥተን በከንቱ ከሆነ፣ ነገ ይህን እንጨት ማንም አይሰማውም። የማይሰማ እንጨት ማገዶ ነው።»

መምቻውን ከእጄ ወሰዱት። ጮክ ብዬ ልከራከር አፌን ስከፍት ከመንገዱ መጠምዘዣ ፕራሶጆ ብቅ አለ።

እየገፋ ነው። አጎንብሶ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ዛሬም እንደ ወትሮው መንገደኛ ሆኖ። የቆምንበት ሲደርስ፣ ሁሉም እሱን ሲያይ፣ ግራ ገብቶት ቆመ።

«አጥፋው!» አሉ አባቴ።

«ጠፍቶ ነው ያለው፣ ፓክ።»

«አጥፋው አልኩ!»

ፕራሶጆ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በመዳፉ ላይ ዘረጋላቸው። አባቴ ቁልፉን አዩ። መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አሳረፉ፤ እንደ ታመመ ልጅ ግንባር ዳሰሱት። አይንቀጠቀጥም። ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩና በቤታችን መስኮት በኩል ቆርቆሮዋን አዩ።

አንድ። ዝም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

አባቴ ሲናገሩ ድምፃቸው ተለውጧል። «ንዱክ» አሉኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በሰው ፊት እንዲህ ብለውኝ አያውቁም፤ «ስንት ደቂቃ አለን?»

«ሃያ አምስት። ምናልባት ሠላሳ።»

እንጨቱን የመቱት ራሳቸው ናቸው። አመታታቸው! ከሩዝ ማሳው ወፎች ተነሡ። ወንበሮቹ ተገለበጡ። ፕራሶጆ ሞተሩን ከመንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ለቀቀው፤ ገብቶ ሲሰምጥ እንኳ ዞር ብሎ አላየውም። ከእኔ ጋር አንድ ሰፌድ ያዘ፤ ከዚያ ሁለት ደራርበን፤ ከዚያ አራት።

«ቀኝ!» እላለሁ።

«የአንቺ ቀኝ ወይስ የእኔ?»

«የቆርቆሮዋ!»

በሩጫ መሐል እየሳቅን፣ ጾመኛ ጉሮሯችን እየተሰነጠቀ፣ ሰፌድ በሰፌድ ላይ አጋደምን። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ከመጋዘኑ ጀርባ አንድ ነገር አጉረመረመ። ከዚያ ጥቁሩ ደመና ግንባሩን ከጣሪያው በላይ አወጣ። አባቴ ከጣሪያ ላይ ያሉትን ሰዎች በሙሉ በጩኸት አወረዱ። የመጨረሻዋን ሰፌድ እኔና ፕራሶጆ ከበረንዳችን ሥር ስንጥላት የመጀመሪያዋ ጠብታ፣ ትልቅ፣ ሞቃት፣ በአንገቴ ኋላ ወደቀች። ሰማዩ ቀጥሎ ተቀደደ።

የጠፋው አራት ሰፌድ ብቻ ነው። አራቱም የዶሮ ቤት አናት ላይ የነበሩት ናቸው፤ ባለቤታቸው ተቀምጣ ስትስቅ ስለቆየች።

ዝናቡ እስከ ማምሻው ዘነበ። እኔና እሱ በረንዳው ላይ፣ በተደረደሩት ሰፌዶች መሐል፣ ክንድ ከክንድ ሊነካ ጣት ሲቀረው ቆምን።

«ሃያ አንድ ቀን ገፋሁት» አለ ዝናቡን እያየ።

«ቆጥሬዋለሁ።»

«ነገም እገፋለሁ።»

«ሞተርህ ቦይ ውስጥ ነው፣ ማስ።»

«አወጣዋለሁ። ከዚያ እገፋዋለሁ።» ወደ እኔ ዞረ። «ወይም አባትሽ ይፈቅዱልኝና ቁጭ ብዬ አይሻለሁ። የቱ ይሻላል?»

ጣት የቀረውን ክፍተት ዘጋሁት።

የመግሪብ አዛን በዝናቡ ውስጥ እየተቆራረጠ መጣ። አባቴ ከውስጥ ወጡ። አዩን። ክንዳችንን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጾም ተፈታ» አሉኝ። «ሻይ ቅጂለት። ስኳር አብዢበት፤ ብዙ ገፍቷል።» ገብተው ሲሄዱ ከበሩ ላይ ዞሩ። «ሲጨርስ ደግሞ ለእናቱ መልእክት እንዳለኝ ንገሪው። ሽማግሌ የሚልክ ሰው ከዒድ በኋላ ቤት አያጣኝም።»

ይኸው ስድስት ዓመት ሆነ። አማቴ ሐሙስ ማታ የአሻንጉሊቶቹን ጨዋታ አሁንም ከልጇ አፍ ነው የምትሰማው፤ አዲስ ሬዲዮ ገዝተንላት «ይኼ ድምፁን አይቀያይርም» ብላ መለሰችው። እንጨቱን አባቴ ለእኔ አስረክበውኛል። ቆርቆሮዋም ከቦታዋ ነች፤ አሁን ሰፈሩ ሁለቱንም አጻጻፍ ያነባል፤ እንደ ሰካራም ከረገጠች ሰፌድ፣ እንደ ሰዓት ከሄደች ፕራሶጆ።

የካንዴላው ቆብ ግን ከክርና ከመርፌ ዕቃዬ ግርጌ፣ ከነመጠቅለያው፣ ተኝቶ ነበር። ባለፈው ሳምንት የሸሚዙን ቁልፍ ሊተክል መርፌ ሲፈልግ አገኘው። እኔ ክሩፑክ እየከተፍኩ ነበር፤ ቢላዋዬ ቆመ። ገልበጥ አደረገው። መጠቅለያው ላይ የተጻፈውን አነበበ። ከቆቡ ወደ እኔ አየ፣ ከእኔ ወደ ቆቡ። ሃያ አንድ ቀን፣ በጾም፣ በዚያ ፀሐይ፤ ሁሉንም በፊቱ ላይ ሲያልፍ አየሁት።

«መቼ ነው የገዛሽው?»

«በሁለተኛው ቀን» አልኩ። መዋሸት አልቻልኩም።

ቆቡን በመዳፉ ላይ መዘነው። ከዚያ ዓይኖቹ ጠፉ። ቆቡን በመጠቅለያው መልሶ ጠቀለለው፣ ከክሩ ሥር አስገባው፣ ክዳኑን ገጠመ። የሞተሩን ቁልፍ አንሥቶ ወጣ።

ማምሻውን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የመጨረሻውን ስጥ ሳነሣ፣ ቀይዋ መብራት በመስታወቱ ውስጥ ጠቀሰች። እንደገና። እንደገና። አንዱ ከሌላው እኩል።

እጄን ታጠብኩና ሁለት ሰሐን አወጣሁ።